ጉንዳን የክብደቱን ስንት እጥፍ ይሸከማል? ከፍኖተ ሰላም ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በፍኖተ ሰላም አካባቢ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ጉንዳን የክብደቱን 50 እጥፍ ያነሳል ይላሉ። አንዱ ደግሞ ስልኩ ላይ 5,000 እጥፍ የሚል አንብቦ መጣና ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሰው የሚያህል ቢሆን ኖሮ አይሱዙን ከነጭነቱ ያነሳ ነበር የሚሉም አሉ። በታኅሣሥ አውድማ ላይ ስመለከት አንዱ ጉንዳን ስንዴዋን ከፍ አድርጎ ይሄዳል፤ ሌላው የኋሊት እየሄደ ይጎትታል። ይህ ለምን ሆነ? ያለ ላቦራቶሪስ በትምህርት ቤታችን መለካት ይቻላል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ተማሪዎቹን ማስታረቅ ይቻላል። ሁለቱም ቁጥሮች የሚጠቀሱ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። ስለ ጉንዳን ጉልበት ሲወራ አራት ነገሮች ይደባለቃሉ፦ ከመሬት አንስቶ መሄድ፣ በመሬት ላይ መጎተት፣ በእግር ተጣብቆ መያዝ፣ እና አንገቱ ሳይበጠስ የሚችለው ጫና። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው።

ከ5,000 ልጀምር። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አሜሪካ ውስጥ የአፈር ክምር የሚሠራ አንድ የጉንዳን ዝርያ በቅዝቃዜ አደነዘዙ፤ ጭንቅላቱን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ በማጣበቂያ ለጠፉና ፍጥነቱን እየጨመሩ አሽከረከሩት። ቀሪው አካሉ ወደ ውጭ ሲሳብ አንገቱ በክብደቱ 350 እጥፍ ገደማ መለጠጥ ጀመረ። የተበጠሰው ከ3,400 እስከ 5,000 እጥፍ ባለው መካከል ነው። የተለካው እንግዲህ የመገጣጠሚያው ጥንካሬ ነው። ጉንዳኑ ደንዝዟል፤ ምንም አላነሳም፣ አንድ እርምጃም አልተራመደም። ልጁ ያነበበው እውነት ነው፤ «ይሸከማል» የሚለው ቃል ብቻ ያለ ቦታው ገብቷል።

100 እጥፍ የሚል ቁጥር ካጋጠማችሁም እወቁት። ቅጠል እየሰፋ ጎጆ የሚሠራው የእስያ ጉንዳን በለስላሳ ነገር ላይ ተገልብጦ በመንጋጋው ክብደት ይዞ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። እዚያ የተፈተነው የእግሩ መጣበቅ ነው። በየእግሩ ጫፍ ሁለት ጥፍሮች አሉ፤ በጥፍሮቹ መካከል ደግሞ በስስ ፈሳሽ የረጠበ ለስላሳ መርገጫ አለ። ሻካራ መሬት ላይ ጥፍሩ ይይዛል፤ መስታወትና ቅጠል ላይ መርገጫው። እግሩ ወደ አካሉ ሲሳብ መርገጫው ይዘረጋና የሚነካው ስፋት ይጨምራል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ይላቀቃል። (ጎጃም ውስጥ ንብ አናቢዎች በቀፎ ማቆሚያው እግር ዙሪያ የሚነሰንሱት አመድ የሚሠራውም ለዚህ ነው፦ የላመው ብናኝ በመርገጫውና በእንጨቱ መካከል ይገባል፣ ጥፍሩም የሚይዘው ጠንካራ ነገር ያጣል። ዝናብ አመዱን ካረጠበውና ካጠነከረው ግን ጥቅም የለውም፤ መቀየር አለበት።)

50 የሚለው ቁጥር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ማንሳትና መጎተትን ሳይለይ ይነገራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1 ሚሊግራም የሚመዝን ጉንዳን 30 ሚሊግራም የሚመዝን ነገር በመሬት ላይ ሲጎትት የሚያሸንፈው ፍትጊያውን ብቻ ነው። ፍትጊያው የክብደቱ ሦስት አሥረኛ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ጉልበት 9 ሚሊግራም ለማንጠልጠል የሚበቃ ያህል ነው። ስለዚህ 30 እጥፍ የጎተተ ጉንዳን 30 እጥፍ አነሳ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በሦስት እጥፍ ያነሰ ሥራ ሊሆን ይችላል።

በአውድማችሁ ያለው የዕለት ሸክም ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዳጉሳ 2.5፣ ኑግ 4፣ ስንዴ 40፣ በቆሎ 300 ሚሊግራም አካባቢ። እንደ ዘሩ ዓይነትና እርጥበት ከፍና ዝቅ ይላል። 8 ሚሊግራም የሚመዝን እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ስንዴ ሲያነሳ 5 እጥፉን ነው የያዘው። 1 ሚሊግራም የምትመዝን ትንሽ ጉንዳን ኑግ ስትይዝ 4 እጥፍ። የተለመደው ሸክም በአብዛኛው ከ10 እጥፍ በታች ነው፤ ይህም የሚሆነው አቅም ስለጠፋ አይደለም። በጣም የከበደ ሸክም ፍጥነትን ይገድላል። ለጎጆው የሚጠቅመው በቀን የገባው የእህል መጠን ስለሆነ፣ መካከለኛ ፍሬ ይዞ ቶሎ ቶሎ መመላለስ አንድ ትልቅ ፍሬ ይዞ ከመንፏቀቅ ይሻላል።

አሁን ወደ አይሱዙው። እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል፤ ለ7ኛ ክፍልም ይመጥናል።

የጡንቻ ጉልበት የሚወሰነው በውፍረቱ፣ ማለትም ጡንቻው በአግድም ቢቆረጥ በሚታየው ስፋት ነው። ክብደት ግን የሚወሰነው በይዘት ነው። ቁመት 2 እጥፍ ሲሆን ስፋት 4፣ ይዘት 8 እጥፍ ይሆናል። 8.5 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውና 10 ሚሊግራም የሚመዝን ጉንዳን እንውሰድ። 1 ሜትር ከ70 እስኪሆን በ200 እናሳድገው። የጡንቻው ስፋት 200 በ200፣ ማለትም 40,000 እጥፍ ያድጋል። ክብደቱ 200 በ200 በ200፣ ማለትም 8,000,000 እጥፍ፤ 80 ኪሎ ይሆናል። ትንሽ ሳለ 20 እጥፉን፣ 200 ሚሊግራም ይሸከም ነበር እንበል፤ ከራሱ ጋር 210 ሚሊግራም በእግሮቹ ላይ ነበር። ይህ አቅም በ40,000 ሲባዛ 8.4 ኪሎ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን አካል 8.4 ኪሎ በሚችሉ እግሮች! አይሱዙው ይቅርና ከተኛበት አይነሳም። መተንፈስም አይችልም፤ ጉንዳን ሳንባ የለውም፣ አየር በጎኑ ባሉ ቀዳዳዎችና በቀጫጭን ቱቦዎች ነው የሚደርሰው፤ ያ መንገድ ለሰው ቁመት አይበቃም።

ስሌቱን ገልብጡት፤ ተማሪዎቹ ይበልጥ የሚደነቁት እዚህ ላይ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ኪሎ ጆንያ ተሸክሟል። ይህን ሰው በ200 አሳንሱት። ክብደቱ 8.75 ሚሊግራም ይሆናል። ጉልበቱ የሚያንሰው ግን በ40,000 ብቻ ስለሆነ፣ የጆንያውን ብቻ ብናሰላ እንኳን ቢያንስ 1.25 ግራም መሸከም ይችላል፤ ያ 143 እጥፉ ነው። የቡሬ ገበያ ተሸካሚ ወደ ጉንዳን ቁመት ቢወርድ ከጉንዳኑ አያንስም ማለት ነው። የአካል ቅርጽ ስለሚለያይ ቁጥሩ ግምታዊ ነው፤ አቅጣጫው ግን አይቀየርም። የጉንዳን ጉልበት ትልቁ ምሥጢር ትንሽነቱ ነው።

ትንሽነት ብቻውን ግን ሁሉንም አይመልስም፤ ዝንብም ትንሽ ናት፣ ስንዴ ግን አትሸከምም። ጉንዳን ለሸክም የተለየ አሠራር አለው፤ ከፊት ወደ ኋላ እንየው።

መንጋጋው እጁ ነው። መንጋጋውን የሚዘጋው ጡንቻ የጭንቅላቱን አብዛኛውን ቦታ ይይዛል፤ ትልቅ ጭንቅላት ያላቸውን ሠራተኞች ስታዩ ውስጡ በብዛት ያለው ይህ ጡንቻ ነው። በጡንቻው ውስጥ ፈጣን ክሮችና ዝግ ያሉ ግን ብርቱ ክሮች አሉ። ብርቱዎቹ በእኩል ስፋት ከእኛ ጡንቻ በጥቂት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ያወጣሉ። የመንጋጋው ጥርስ በብዙ ዝርያዎች ዚንክ ስላለበት ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም ያልቃል። ቅጠል ቆራጭ በሆኑት የአሜሪካ ጉንዳኖች ጥርሳቸው ያለቀባቸው ሠራተኞች መቁረጡን ትተው ወደ መሸከም ሲዞሩ ታይቷል።

ከመንጋጋው ቀጥሎ አንገት አለ። ሸክሙ በሙሉ በዚህ በቀጭኑ መገጣጠሚያ ያልፋል። ሠራተኛ ጉንዳን ክንፍ የለውም። የሚበሩ ነፍሳት ደረታቸው በበረራ ጡንቻ የተሞላ ነው፤ ሠራተኛ ጉንዳን ይህ ስለሌለው ቦታው ጭንቅላትን ለሚያነሱና ለሚያዞሩ የአንገት ጡንቻዎች ተለቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የደረቱን ውስጣዊ አሠራር በራጅ ምስል አይቶ ይህን በዝርዝር አሳይቷል። ዝንቧ የማትችለውን ጉንዳኑ የሚችለው በከፊል መብረር ስለቀረበት ነው።

የማንሳቱ ሂደት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፍሬውን በአንቴናው ይዳስሳል፤ ያዞረዋል። ለመንጋጋ የሚመች ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ጫፉን ወይም ስንጥቁን ይፈልጋል። መሀሉን ከያዘ መንጋጋው ላይበቃ ይችላል፤ ለስላሳ ፍሬም ይንሸራተታል። ከዚያ የፊት እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቆማል፣ ይነክሳል፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ያነሳል። ካልተሳካ ሌላ ጫፍ ይሞክራል። በቆሎ ላይ የሚዞር ትንሽ ጉንዳን ካያችሁ «አቃተው» ከማለታችሁ በፊት መንጋጋው ይበቃ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የመያዣ ነው።

ሸክሙ ከተነሳ በኋላ ያለው ጣጣ ሚዛን ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ወደ ፊት ታጎነብሳለች፤ የጉንዳን ሸክም ከፊቱ ስለሆነ እሱ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ሸክሙን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ፣ ወደ ራሱ አካል ያዘነብላል። ዓላማው የእሱና የሸክሙ የክብደት ማዕከል በእግሮቹ መካከል እንዲያርፍ ነው። ባዶውን ሲሄድ በአንድ ጊዜ ሦስት እግር ያነሳል፣ በሦስት ይቆማል። ሸክም ሲከብድ ይህን ሥርዓት ይለቃል፦ እርምጃው ያጥራል፣ ብዙ እግሮች አብረው መሬት ላይ ይቆያሉ፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሣር ቆራጭ በሆኑ የደቡብ አሜሪካ ጉንዳኖች እንደታየው ዳገት ሲወጣ ሸክሙን ወደ ፊት ዘንበል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ ኋላ ቀና ያደርገዋል፤ ይህን የሚያደርገው በአንገቱ ነው። ነፋስ ሲመጣ ረጅም ሸክም ከፍ አድርጎ የያዘ ጉንዳን ይወድቃል፤ አውድማ ላይ እብቅ ተሸክመው የሚገለበጡትን ታዩ ይሆናል።

በሰልፍ የሚዘምተው ገብረ ጉንዳን አሸካከሙ ይለያል። ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ሸክሙን ከሆዱ ሥር፣ በእግሮቹ መካከል ይዞ ይሮጣል። ሸክሙ ዝቅ ስለሚል አይገለብጠውም፤ የሚሆነው ግን ለጠባብና ረጅም ነገር፣ ለትልና ለዕጭ ነው።

የኋሊት ስለሚጎትተው፦ ሸክሙ በጣም ሲከብድ ወይም ሲረዝም ሚዛን መጠበቅ አይቻልም፤ ቢያነሳውም በአፍንጫው ይደፋል። ስለዚህ ያንን ትቶ ዞሮ ይጎትታል። የሸክሙን ክብደት መሬት ይሸከምለታል፣ እሱ ፍትጊያውን ብቻ ያሸንፋል፤ እግሮቹም ወደ አካሉ ስለሚሳቡ በደንብ ይይዛሉ። ዋጋም አለው፦ ቀርፋፋ ነው፣ እያንዳንዱ ጠጠርና ገለባ ያቆመዋል፣ መንገዱንም አያይም። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የሚኖረው ካታግሊፊስ የተባለ ጉንዳን ከክብደቱ 10 እጥፍ የሚበልጥ ምግብ የኋሊት ሲጎትት ተጠንቷል፤ የሦስት በሦስት አረማመዱ ይቀርና እያንዳንዱ እግር በየራሱ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴም ሸክሙን አስቀምጦ ይዞራል፣ መንገዱን አይቶ ይመለሳል። አውድማ ላይ ያያችሁት ያ ነው፤ ትንሹ ጎታች ከትልቁ አንሺ ጋር አንድ ዓይነት ስንዴ ይዞ ቢሆንም ለእርሱ ሸክሙ ሁለትና ሦስት እጥፍ የበለጠ ነው። ከአንድ ጎጆ የወጡ እህል ሰብሳቢዎች በክብደት 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለ ኅብረት ሸክም ባትጠይቁም ጥቂት ልጨምር፤ ተማሪዎች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ከላይ ያነሳሁት ቅጠል ሰፊ ጉንዳን እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ጥናት ብቻውን የክብደቱን 60 እጥፍ ገደማ ሲስብ፣ በ15 ሆነው ሲስቡ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 100 እጥፍ ተጠግቷል። ከኋላ ያሉት አጥብቀው ይይዛሉ፣ ከፊት ያሉት ይስባሉ፣ የተገኘው አይመለስም። ሰው ግን በተቃራኒው ነው፦ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ ሰዎች ገመድ ሲስቡ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የየአንዳንዳቸው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁሉም የጉንዳን ዝርያ ግን እንዲህ አይሰባሰብም፤ አንዳንዱ ፍሬ ላይ በአንድ ጊዜ ተረባርቦ በየአቅጣጫው ሲጓተት ይውላል።

አሁን ልኬቱ። የሚያስፈልጋችሁ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ነው፤ ወርቅ ቤቶች አላቸው፣ ለአንድ ሰዓት መዋስ ይበቃል።

የጉንዳኑን ክብደት አንድ በአንድ ለመለካት አትሞክሩ። ከአንድ መስመር ላይ መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ 100 ጉንዳኖች በላባ እየጠረጋችሁ ክዳን ባለው ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አስገቡ። ብልቃጡን አስቀድማችሁ ባዶውን ከነክዳኑ መዝኑ፤ ልዩነቱን ለ100 አካፍሉ። 0.62 ግራም ከሆነ አንዱ 6.2 ሚሊግራም ነው። በ10 ጉንዳን ብትሠሩ ሚዛኑ የሚያነበው 0.06 ይሆናል፤ የመጨረሻዋ አኃዝ በ1 ብትሳሳት ስሕተቱ አንድ ስድስተኛ ነው። ትልልቆቹንና ትንንሾቹን አታደባልቁ። ብልቃጡን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ ዘግታችሁም አታቆዩ፤ አሲድ የሚረጩ ዝርያዎች በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በራሳቸው አሲድ ይሞታሉ። ስትጨርሱ ወደ ራሳቸው ጎጆ መልሷቸው፤ ሌላ ጎጆ አጠገብ ከጣላችኋቸው ይጋደላሉ።

ለሸክሙ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እህል ነው፦ 100 ስንዴ፣ 500 ኑግ፣ 1,000 ጤፍ ቆጥራችሁ መዝኑና አካፍሉ። ከላይ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ለማነጻጸሪያ ያዙ፣ ለስሌት ግን የራሳችሁን ተጠቀሙ። ሁለተኛው ወረቀት ነው። 80 ግራም የተባለው የኤ4 ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናል፤ 1 ሴንቲሜትር በ1 ሴንቲሜትር ቁራጭ 8 ሚሊግራም፣ 5 ሚሊሜትር በ5 ሚሊሜትር 2 ሚሊግራም ነው። ጉንዳኑ ወረቀት ስለማይፈልግ ማር በውኃ አቅጥናችሁ በሉሁ ላይ በስሱ ቀቡ፣ አድርቁ፣ ሉሁን እንደገና መዝኑ፤ ከዚያ ቁረጡ። ቆርጣችሁ ከቀባችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ስንት ማር እንደያዘ አይታወቅም። ትልቁን ቁራጭ ዘርግታችሁ አትስጡ፤ ነፋስ ይይዘዋል። አጣጥፉት፤ ጠርዙ ለመንጋጋም ይመቻል።

መሞከሪያው ካርቶን ይሁን፤ መስታወት ያንሸራትታል፣ አሸዋ ደግሞ ሸክሙን ይይዛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ፤ በጎጃም ደጋ ጠዋት ጉንዳኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጡንቻው ዝግ ይላል፣ የምታገኙት ቁጥር የብርዱ ይሆናል። ከክብደቱ 2 እጥፍ ጀምራችሁ በየጊዜው እጥፍ አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ 10 የተለያዩ ጉንዳኖች ይሞክሩ፤ የጠገበ ጉንዳን ቀላሉንም ጥሎ ይሄዳልና የአንዱ እምቢታ ማስረጃ አይሆንም። መዝገባችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር። «አነሳ» የሚባለው ሸክሙ 10 ሴንቲሜትር ሙሉ መሬት ሳይነካ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ጫፉ እንኳን ከነካ «ጎተተ» ዓምድ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ ጉንዳን መጥቶ ከነካው ያን ሙከራ ሰርዙት። የወሰደበትንም ሰከንድ ጻፉ፤ ሸክሙን በፍጥነቱ ስታባዙ ትልቁ ውጤት ከትልቁ ሸክም ላይ ሳይሆን ከመካከለኞቹ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ እሱን በግራፍ ማውጣት ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

በ«አነሳ» ዓምድ ከ20 እጥፍ በላይ ቁጥር ከመጣላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ የሞከራችሁት ጉንዳን ከመዘናችኋቸው 100 ጋር በመጠን እኩል መሆኑን፣ እና ሸክሙን ከጎን ሆኖ የተመለከተ ተማሪ መኖሩን። ከላይ ብቻ ሲያዩት የሚጎተተው ሁሉ የተነሳ ይመስላል።